ሁለቱ ባለ ከፍተኛ ዐቅም ፕሮሰሰሮች፤ በፍጥነትና በዋጋ ሲመዘኑ

በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ የተሰማሩ አስመጪዎችና ባለሱቆች ከደንበኞቻቸው ዘንድ ዘወትር ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ አጭር አይደለም። ደንበኛው «ይሻላል» ሲል በብዙው ፍጥነትን ማለቱ ነው፤ ነጋዴው ግን ለዚሁ ቃል ሌላ ትርጕም ሊሰጠው ይገባል። ለነጋዴ የተሻለ ዕቃ ማለት በተገዛበት ዋጋ ላይ ተገቢውን ትርፍ ካስገኘ በኋላ ወደ ሱቁ ተመልሶ የማይመጣ፥ ቢመጣም የሚተካው ወገን ያለው ዕቃ ነው። ይህን ልዩነት ለማስረዳት በገበያው እጅግ የታወቁትን ሁለት ፕሮሰሰሮች ጐን ለጐን አስቀምጦ መመርመር ይጠቅማል።

ለዚህ ጥናት የተመረጡት የኢንቴል ኩባንያ ኮር አይ9-14900ኬ እና የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 9 7950ኤክስ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በ589 ዶላር፥ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በ699 ዶላር ለገበያ ቀረቡ፤ የኤኤምዲው ዋጋ ግን ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መቀነስ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ኤኤምዲ በኦገስት 2024 ራይዘን 9 9950ኤክስን፥ ኢንቴልም በኦክቶበር 2024 ኮር አልትራ 9 285ኬን ስላወጡ፥ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች አይደሉም። ለትምህርት የተመረጡበት ምክንያትም ይኸው ነው። አዲስ የወጣ ዕቃ የሚታወቀው በአምራቹ ማስታወቂያ ሲሆን፥ የእነዚህ ግን ጠባያቸው በጊዜ ተፈትኖ ተገልጧል።

በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፉት ቍጥሮች

የኢንቴሉ 24 ኮር፥ የኤኤምዲው 16 ኮር አላቸው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ስሌት የሚሠራ ክፍል ነው። እንግዲህ አንድ ሻጭ ዋጋውን በኮር ብዛት ቢያካፍለው፥ የኢንቴሉ አንድ ኮር 24 ዶላር ተኩል ያህል፥ የኤኤምዲው ደግሞ ወደ 44 ዶላር የሚጠጋ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህንንም ለደንበኛው ቢነግረው ነገሩ የተቈረጠ ይመስላል። ስሌቱ ግን ስሕተት ነው። ከኢንቴሉ 24 ኮሮች ትልልቆቹ 8 ብቻ ሲሆኑ፥ የቀሩት 16ቱ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚወስዱና ዐቅማቸውም ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። የኤኤምዲው 16 ኮሮች ግን ሁሉም የአንድ ዐይነት ትልልቆች ናቸው። የእህል ነጋዴ ጤፍ የሚገዛው በኩንታል እንጂ በከረጢት ብዛት አይደለም፤ ከረጢት ይቈጠር ቢባል ግማሽ የሞላውም አንድ፥ ሙሉውም አንድ ይባላልና።

ትልልቆቹ ኮሮች እያንዳንዳቸው ሁለት የሥራ መስመር፥ በባለሙያዎቹ አነጋገር ሁለት ትሬድ፥ በአንድ ጊዜ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ የኢንቴሉ 8 ትልልቆች 16 ትሬድ ሲሰጡ፥ 16ቱ ትንንሾች ሌላ 16 ይጨምራሉ፤ የኤኤምዲው 16 ትልልቆችም 32 ይሰጣሉ። ሁለቱም 32 ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ከፍተኛው የፍጥነት መጠን ለኢንቴሉ 6 ጊጋኸርዝ፥ ለኤኤምዲው 5.7 ጊጋኸርዝ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን መረጃ በቅርብ የሚያቈየው ሦስተኛው እርከን ካሽ ደግሞ በኢንቴሉ 36 ሜጋባይት፥ በኤኤምዲው 64 ሜጋባይት ነው።

ወደ ተግባር ፈተና ሲመጣ፥ ሲኒቤንች አር23 በተባለው የታወቀ የመፈተኛ ፕሮግራም ሁሉም ኮሮች በአንድነት ሲሠሩ ሁለቱም በ38,000 ነጥብ አካባቢ ይገኛሉ፤ እንደ ማቀዝቀዣውና እንደ ማዘርቦርዱ አንዱ ሌላውን በጥቂት ይበልጠዋል። አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ግን ኢንቴሉ 10 በመቶ ያህል ይቀድማል። በዚህ መሠረት በመነሻ ዋጋቸው ቢመዘኑ፥ ለተመሳሳይ ሥራ የኢንቴሉ ገዢ 110 ዶላር ያነሰ ይከፍላል፤ ይህም ከኤኤምዲው ዋጋ 16 በመቶ ያህል ነው። ብዙ ማወዳደሪያዎች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ የነጋዴው ሒሳብ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ደንበኛው ማን እንደ ሆነ

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የደንበኛው ሥራ ነው። በአውቶካድ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ አርክቴክት አብዛኛው ሥራው በአንድ ኮር ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የኢንቴሉ ቀዳሚነት ይሰማዋል። ይኸው አርክቴክት የሕንፃውን ምስል በብሌንደር ወይም በቪሬይ በፕሮሰሰሩ ዐቅም ለማውጣት ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠራ ደግሞ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ልዩነቱ በሙቀትና በኤሌክትሪክ ላይ ይወድቃል። የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በዘመናዊ ካሜራ ተጨምቆ የተቀረጸውን ፊልም በፕሪሚየር ሲከፍት፥ በኢንቴሉ ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ የተባለው የቪዲዮ ክፍል ሥራውን በጉልህ ያቀልለታል። ከባድ ሳይንሳዊ ስሌት ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ኤቪኤክስ-512 የተባለው የትእዛዝ ዐይነት የሚገኘው በኤኤምዲው እንጂ በኢንቴሉ አይደለም።

የሒሳብ መዝገቡን በፒችትሪ የሚይዝ፥ ደብዳቤ የሚጽፍና የሽያጭ ደረሰኝ የሚያትም ድርጅት ግን ከሁለቱ አንዱንም አይፈልግም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ መካከለኛ ፕሮሰሰር ከጥሩ ኤስኤስዲና ከዩፒኤስ ጋር ቢሸጥለት የተሻለ ያገለግለዋል። በትልቁ ዕቃ ላይ የሚገኘው ትርፍ ከፍ ያለ ቢሆንም፥ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣ ደንበኛ ነገሩን የሚረዳው ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ነው፤ ከዚያም ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ከፕሮሰሰሩ ጋር አብረው የሚገዙ ዕቃዎች

ፕሮሰሰር ብቻውን አይሠራም። 7950ኤክስ የሚሠራው ዲዲአር5 ከተባለው ራም ጋር ብቻ ሲሆን፥ 14900ኬ ግን እንደሚመረጠው ማዘርቦርድ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ይሠራል። ስለዚህ በሱቁ ብዙ የዲዲአር4 ክምችት ያለው ነጋዴ ከኢንቴሉ ጋር አያይዞ ሊሸጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በመናሩ፥ ይህ ነገር ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ክብደት አግኝቷል። ማቀዝቀዣ በሁለቱም ካርቶን ውስጥ ስለማይገኝ ለብቻው ይገዛል።

የኤሌክትሪኩ ፍጆታ በወረቀት ላይ የተቀራረበ ነው፤ ከፍተኛው ለኢንቴሉ 253 ዋት፥ ለኤኤምዲው 230 ዋት ተብሎ ተወስኗል። ሆኖም ብዙ የማዘርቦርድ አምራቾች የኢንቴሉን ወሰን በፋብሪካ ቅንብራቸው ክፍት አድርገውት ስለ ነበር፥ በከባድ ሥራ ጊዜ ከ300 ዋት በላይ ሲወስድ ታይቷል። ኤኤምዲው በበኩሉ ኢኮ ሞድ በተባለው ቅንብር ከ170 ዋት ደረጃው ወደ 105 ወይም ወደ 65 ዋት ደረጃ ሊወርድ የሚችል ሲሆን፥ በ105ቱ ላይ ከዐቅሙ የሚያጣው ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋ በዩፒኤስ ወይም በጄኔሬተር ለሚሠራ ስቱዲዮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከውጭ አገር የሚመጡ ማወዳደሪያዎች የማይጠቅሱት አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የፕሮሰሰር ፋን ሙቀትን የሚያስወግደው በአየር በመሆኑ፥ በባሕር ጠረፍ ከተማ ተፈትኖ «በቂ ነው» የተባለ ማቀዝቀዣ በአዲስ አበባ ያን ያህል አይሠራም። ኤኤምዲው በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 95 ዲግሪ፥ ኢንቴሉም እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከደረሱ በኋላ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በደጋ ከተማ ለሚሸጥ ማሽን ከሚመከረው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ መምረጥ ይገባል፤ አለዚያ ደንበኛው የከፈለበትን ፍጥነት አያገኘውም።

ስለ መቀመጫውም መናገር ያስፈልጋል። 7950ኤክስ የሚሰካበት ኤኤም5 የተባለው ሶኬት እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረ ሲሆን፥ ባዮሱ ሲታደስ በ2024 የወጣውን 9950ኤክስንና በ2025 የወጣውን 9950ኤክስ3ዲን ይቀበላል። የ14900ኬ ሶኬት የሆነው ኤልጂኤ1700 ግን ኢንቴል ለጠቅላላው ገበያ ወደ ኮር አልትራ ሲሸጋገር በኤልጂኤ1851 ተተክቷል። በዚህ ምክንያት የኤልጂኤ1700 ማዘርቦርድ ያከማቸ ባለሱቅ ክምችቱን ማቃለል ይገባዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ቀደም ሲል 12ኛውን ትውልድ የገዙ ደንበኞች ማዘርቦርዳቸውን ሳይለውጡ ወደ 14900ኬ ሊያድጉ ስለሚችሉ፥ ይህ ፕሮሰሰር ለእነርሱ ዛሬም ርካሽ መንገድ ነው።

ዋስትናው በተፈተነ ጊዜ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ተደምሮ ከታየ፥ ሁለቱ ዕቃዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ ኢንቴሉም በመነሻ ዋጋው ረከስ ያለ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለቤቶች ማሽናቸው ያለ ምክንያት እንደሚቆም አቤቱታ ማሰማት ጀመሩ። የችግሩ ምልክት ጥገና ሠራተኞችን ያሳሳተ ነበር። አንዳንዱ ጨዋታ ሲከፈት «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ይታያል፤ ይህን ያነበበ ሰው ጥፋቱን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ሌላው ማሽን ደግሞ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይጠፋል፤ ለዚህም ራም ይለወጣል፥ ዊንዶውስ እንደ ገና ይጫናል፥ ፓወር ሰፕላይ ይቀየራል። ፕሮሰሰር ይበላሻል ብሎ የሚጠረጥር እምብዛም አልነበረም፤ ከኮምፒዩተር ዕቃዎች ሁሉ ሳይበላሽ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው እርሱ ነው ተብሎ የታመነበት ነውና።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 2024) ኢንቴል ምክንያቱን ገለጸ። ፕሮሰሰሩን የሚመራው ማይክሮኮድ የተባለው ውስጣዊ ትእዛዝ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲሰጠው ይጠይቅ ነበር፤ ይህም በጊዜ ብዛት የፕሮሰሰሩን ውስጠኛ ክፍል ይጎዳል። በተከታዩ ወር በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተጨመሩ። ነገር ግን ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ኩባንያው በካርቶን ለተሸጡት ፕሮሰሰሮች የሦስት ዓመቱን ዋስትና በሁለት ዓመት አራዝሞ አምስት ዓመት አደረገው።

«በካርቶን ለተሸጡት» የሚለው አነጋገር ለአስመጪው ከፍጥነት ቍጥሮች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ፕሮሰሰር በሁለት መንገድ ይሸጣል። አንደኛው በአምራቹ ካርቶን ታሽጎ ሲሆን፥ ዋስትናውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው። ሁለተኛው በትሬይ፥ ማለት ያለ ካርቶን በገበታ ላይ ተደርድሮ ለኮምፒዩተር ገጣጣሚ ፋብሪካዎች የሚላከው ነው። የትሬይ ፕሮሰሰር ከካርቶኑ በዐቅም አያንስም፤ ዋጋውም በብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። ዋስትናው ግን የሚጠየቀው ከሸጠው ወገን ነው። ሻጩ በሩቅ አገር የሚገኝ መካከለኛ ነጋዴ ሆኖ ደብዳቤ ባይመልስ፥ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ ደንብ በኢንቴል ብቻ ሳይሆን በኤኤምዲም ዘንድ ያው ነው።

በአገራችን ነገሩን ይበልጥ ያከበደው የጊዜው መገጣጠም ነው። ኢንቴል ምክንያቱን በገለጸበት በዚያው ወር፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሲሆን፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ589 ዶላር የተገዛ ፕሮሰሰር ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር በፊተኛው ምንዛሪ 33,573 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲታሰብ 58,900 ብር ሆነ። ዋስትና የሌለው ፕሮሰሰር ሸጦ ደንበኛው ተበላሸብኝ ብሎ የመጣበት ባለሱቅ፥ ስሙን ለመጠበቅ ሲል ከኪሱ ሊተካ ቢወድ፥ በአሮጌው ብር አትርፎ በአዲሱ ብር ይተካ ነበር ማለት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አስመጪ 20 ፕሮሰሰር ያዘዘ እንደ ሆነ፥ የኢንቴሉ በመነሻ ዋጋው 11,780 ዶላር፥ የኤኤምዲው 13,980 ዶላር ይሆናል፤ ልዩነቱ 2,200 ዶላር ነው። ከኢንቴሎቹ አራቱ ተበላሽተው ቢመለሱና የሚተካቸው ባይኖር፥ 2,356 ዶላር ይጠፋል፤ የዋጋው ብልጫ በሙሉ ተበልቶ 156 ዶላር ዕዳ ይቀራል። በካርቶን የተገዙ ከሆነና አምራቹ ከተካቸው ግን የሚጠፋው የማጓጓዣው ወጪና የደንበኛው ትዕግሥት ነው። በአንድ ዐይነት ፕሮሰሰር፥ በአንድ ዐይነት ብልሽት፥ የአንዱን ነጋዴ ኪሳራና የሌላውን ደኅንነት የለየው የግዢው አኳኋን ነው።

ከዚህ የተነሣ ኤኤምዲ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የ7950ኤክስ ታናሽ ወንድሞች የሆኑት የ7000ኤክስ3ዲ ተከታታይ ፕሮሰሰሮች በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ በከፍተኛ ቮልቴጅ ምክንያት ሲቃጠሉ ታይተዋል፤ መፍትሔውም የአንዱን ክፍል ቮልቴጅ በ1.3 ቮልት የሚወስን አዲስ ባዮስ ነበር። በሁለቱም ኩባንያዎች ላይ የደረሰው ችግር መድኀኒቱ አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ማንኛውም ኮምፒዩተር ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት ባዮሱ ወደ አዲሱ መታደስ ይገባዋል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

በፕሮፎርማው ላይ ሊጻፍ የሚገባው

ትእዛዝ ሲሰጥ «ኮር አይ9፥ 14ኛ ትውልድ» ተብሎ የተጻፈ ፕሮፎርማ መቀበል አደገኛ ነው። በዚህ ስም 14900፥ 14900ኬ፥ 14900ኬኤፍ እና 14900ኬኤስ የተባሉ አራት ዕቃዎች ሊላኩ ይችላሉ፤ የኬኤፉ ውስጣዊ ግራፊክስ የሌለው ስለ ሆነ፥ ግራፊክስ ካርድ ሳይገባበት ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፥ ከላይ የተጠቀሰው ኩዊክ ሲንክም አይኖረውም። በኤኤምዲም በኩል 7950ኤክስና 7950ኤክስ3ዲ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው። ስለሆነም የሞዴሉ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል፥ ዕቃው በካርቶን ወይም በትሬይ መሆኑ፥ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና ለስንት ዓመት እንደ ሆነ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ዕቃው ሲደርስም በፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ የታተመው ቍጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳከር ይኖርበታል፤ ያገለገለ ፕሮሰሰር በአዲስ ካርቶን የሚከት ሻጭ አይጠፋምና።

የኢንቴሉ አምስት ዓመት የሚቈጠረው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው። በኖቬምበር 2023 በካርቶን የተሸጠ 14900ኬ እስከ ኖቬምበር 2028 ድረስ የመተካት መብት አለው፤ ይህን የማያውቁ፥ ማሽናቸው አልፎ አልፎ የሚቆምባቸውና ጥፋቱን በመብራት መዋዠቅ የሚያሳብቡ ደንበኞች ሊኖሩ ይችላሉ። የ13ኛውንና የ14ኛውን ትውልድ የሸጡ ባለሱቆች የ2015፥ የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቅጂዎቻቸውን አውጥተው፥ ደንበኞቻቸውን በስልክ ጠርተው ባዮሱን ቢያድሱላቸውና የካርቶኑን ቍጥር ከደረሰኙ ጋር አያይዘው ቢያስቀምጡ፥ ብልሽቱ በታየ ጊዜ ለምትኩ የሚያስፈልገው ማስረጃ በእጃቸው ይገኛል።